ጉንፋንን ስለ መከላከል፦ በጓዳችን ያለው፣ ከሩቅ የመጣውና ዕድራችን ሊያደርገው የሚገባው

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከጤና ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ክረምቱን አሳልፎ በደኅና ላገናኘን አምላክ ምስጋና እናቀርባለን። በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን የተለዩትን ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ቤተሰቦቻቸውንም ያጽናልን።

ንዑስ ኮሚቴያችን ዛሬ እንዲናገር የተሰጠው ርእስ ጉንፋን ነው። «ስንት ከባድ በሽታ እያለ ስለ ጉንፋን ይወራል እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። በእርግጥም ጉንፋን በአነጋገራችን እንኳ የተናቀ ነው፤ «ጉንፋን ነው፣ ይለፈኛል» ብለን ነጠላ ወይም ሻሽ አፍንጫችን ላይ ጣል አድርገን ወደ ሱቃችን እንሄዳለን። ነገር ግን በዚህ አካባቢ የሽማግሌ ቤት የምታውቁ፣ የሕፃን ደረት ሲያንኮራፋ አድራችሁ ያዳመጣችሁ እናቶች ነገሩ ሁልጊዜ «ይለፈኛል» ብቻ እንዳልሆነ ትመሰክራላችሁ። ጤነኛውን ጎልማሳ ለሦስት ቀን የሚያስነጥሰው ሕመም አዛውንቱን አልጋ ላይ ይጥላል፤ ሕፃኑን ደግሞ ወደ ሳንባ ምች ሊያደርሰው ይችላል።

ሁለተኛም ምክንያት አለን። ጉንፋን የሚዛመተው ሰው በሚሰበሰብበት ነው። በመርካቶ ውስጥ ደግሞ ከገበያው ቀጥሎ ሰውን የሚሰበስበው የእኛው ድንኳን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የዕድርም ጉዳይ ነው። በንግግራችን መጨረሻ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ አለን፤ እስከዚያው በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

ነፋሱ ነው ወይስ ሰውየው?

በመጀመሪያ የበሽታውን መነሻ እንመልከት። በእኛ ዘንድ ጉንፋን «ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው» ይባላል። ከውጭ ገብተን ላባችን ሳይደርቅ ልብስ ብናወልቅ «ብርድ መታው» እንባላለን። ከንፈራችን ቢቆስልና ትኩሳት ቢነሣብን ደግሞ «ምች ነው» ይባላል። ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። የቻይና ባህላዊ ሐኪሞችም ከጥንት ጀምሮ ጉንፋንን የሚያመጣው ነፋስ ነው ይላሉ፤ ከቅዝቃዜ ጋር የሚገባ ነፋስና ከሙቀት ጋር የሚገባ ነፋስ ብለው ለሁለት ይከፍሉታል፤ መድኃኒቱንም እንደ ነፋሱ ዓይነት ይለያዩታል። ተራራና ባሕር የሚለያቸው ሁለት ሕዝቦች አንድ ነገር ማሰባቸው የሚያስደንቅ ነው። ሁለቱም ያስተዋሉት ነገር እውነት ነበር፤ በብርድ ወራት ሳል ይበዛል።

የዛሬው ሕክምና የደረሰበት ግን ይህ ነው። ጉንፋንን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ቫይረስ የሚባሉ ተሕዋስያን ናቸው፤ ዓይነታቸውም ከ200 በላይ ነው። ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ደግሞ ከተራው ጉንፋን የተለየ የራሱ ቫይረስ ያለው ነው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ተራው ጉንፋን ቀስ ብሎ በአፍንጫ ይጀምራል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ይጥላል። ብርድ አፍንጫን ደካማ ሊያደርግ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ቫይረሱ ከሌለ ብርዱ ብቻውን ጉንፋን አይፈጥርም። ቫይረሱ የሚመጣው ከሚያስለው፣ ከሚያስነጥሰው፣ እጁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከሚጨብጠን ሰው ነው።

ታዲያ ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል። ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው እያሳለ ከኋላ ያለው «እባክህ መስኮቱን ዝጋው፣ ነፋስ ይመታኛል» ይላል። መስኮቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለታችንም የሳለውን ሰው ትንፋሽ እየተከፋፈልን እንሄዳለን። ነፋሱን ጠላት አድርገን እውነተኛውን ጠላት ቤታችን ቆለፍንበት ማለት ነው። ነፋሱ እኮ ቫይረሱን የሚበትንልን ወዳጃችን ነው። የበረደው ጋቢውን ይደርብ፤ መስኮቱ ግን ይከፈት።

የኅዳር በሽታ

ኢንፍሉዌንዛ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አዲስ አበባ አንድ ጊዜ በሚገባ አይታለች። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ በአባቶቻችን አፍ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ቀርቷል። በዚያው ጊዜ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው በሽታ ነበር፤ በዓለም ላይ ሃምሳ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። በዚህች ከተማ ብቻ የሞተው ሰው እስከ አሥር ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ያን ጊዜ ደግሞ ከተማዋ የዛሬዋ ከተማ አልነበረችም፤ መርካቶም ገና አልተቈረቈረም፤ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በዚሁ በሽታ በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ሐኪሞቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ እነርሱም ይታመሙ ነበር።

ዕድርተኛ የሆነ ሰው ከዚያ ዘመን ወሬ ሁሉ ልቡን የሚነካው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ቀባሪ መጥፋቱ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚተኛ ለታመመው ውኃ የሚያቀብል፣ ለሞተው ጉድጓድ የሚቈፍር ጠፋ። በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሰው ተቀበረ። ሰው በወግ በማዕረግ ሳይለቀስለት ሄደ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቀባሪ የጠፋው ሰው ስለ ከፋ ወይም ፍቅር ስለ ጐደለ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለ ታመመ ነው።

ኅዳር 12 ቀን ደጃችንን ጠርገን ቆሻሻውን ሰብስበን የምናቃጥልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ በሕዝቡ ዘንድ ከዚሁ በሽታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሐሳቡ፣ ማለትም አካባቢን በጋራ ማጽዳቱ፣ መልካም ነው። ነገር ግን በአባቶቻችን ጊዜ የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ነበር፤ የዛሬው ደጃችን ላይ ያለው ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የተቀደደ ጫማ ነው። የዚህ ጢስ በሽታ አያባርርም፤ ራሱ ደረት የሚያቃጥል መርዝ ነው። አስም ያለባቸው አባሎቻችን በዚያች ቀን የሚደርስባቸውን ያውቁታል። ስለዚህ መጥረጉ ይቀጥል፤ ፕላስቲኩ ግን በጆንያ ታስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ።

በጓዳችን ያለው መድኃኒት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በመርካቶ የሚኖር ሰው መድኃኒት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ቅመም ከሚሸጡት ዘንድ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ፌጦው፣ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው ሁሉ በእጁ ነው። ዳማከሴና ጤና አዳም በብዙ ግቢ ጥግ ይበቅላሉ። ባሕር ዛፉም ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከእኛ ጋር ኖሯል። እነዚህን «ተረት ነው» ብሎ መጣል ድፍረት ነው፤ «ሁሉን ያድናሉ» ማለትም ያው ድፍረት ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ነጭ ሽንኩርት፦ በእንግሊዝ አገር በ146 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት የተደረገ ሙከራ አለ። የነጭ ሽንኩርት እንክብል የወሰዱት ሰዎች በጠቅላላው 24 ጊዜ ጉንፋን ሲይዛቸው፣ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል የወሰዱት 65 ጊዜ ይዟቸዋል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን በአንድ አነስተኛ ሙከራ ብቻ ተማምኖ መፍረድ አይቻልም። በወጥና በምግብ መብላቱ ማንንም አይጎዳም። በባዶ ሆድ ጥሬውን ማኘክ ግን ጨጓራ ያለበትን ያሠቃያል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድና ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያለው ሰው ብዙ ነጭ ሽንኩርት ከመብላቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዳማከሴ፦ ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ከቡና ጋር ይጠጣል፣ ሰውነትም ይታሽበታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት እንደሚቀንስ በ2003 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ይህም እናቶቻችን «ለምች ጥሩ ነው» ሲሉ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ያሳያል። ትኩሳት መቀነስና በሽታውን መከላከል ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አይጥና ሰውም እንዲሁ። በተለይ ጭማቂውን በሕፃን አፍንጫ ማንጠባጠብ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል አይገባም።

ጤና አዳም፦ በቡና ላይ ጣል ሲደረግ ሽታው ደስ ይላል፤ በዚህ መጠን ችግር የለውም። በብዛት ተወቅጦ ሲጠጣ ግን መርዝነት አለው፤ ፅንስንም ሊያስወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ለጉንፋን ብላ ጤና አዳም አትጠጣ።

ማር፦ በሙቅ ውኃና በሎሚ የሚጠጣ ማር ጉንፋንን አይከላከልም፤ የሕፃናትን የሌሊት ሳል እንደሚያስታግሥ ግን ጥሩ ማስረጃ አለ። ሆኖም አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ መቅመስ የለበትም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የተሕዋስ ዘር በትንሽ ሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ ሰውነት የሚያሽመደምድ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ስኳር በሽታ ያለበትም ሰው ማር ስኳር መሆኑን አይርሳ።

ሎሚና ብርቱካን፦ ቫይታሚን ሲ ስላላቸው ጉንፋን ይከላከላሉ ይባላል። ብዙ ጥናት ተደርጎበታል። በየቀኑ የሚወሰድ ቫይታሚን ሲ ተራውን ሰው ከጉንፋን አያድነውም፤ የሕመሙን ቀን ግን በአዋቂ ላይ ከመቶ ስምንት እጅ ያህል ያሳጥራል። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ መሯሯጡ ያን ያህል አይጠቅምም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ የምናስታውሰው ነው። ገንዘቡን በዚያ የጨረሰ ድኃ ሳሙና መግዣ ቢያጣ ትርፉ ምንድር ነው?

ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድና ፌጦ፦ ሙስሊም ወገኖቻችን ጥቁር አዝሙድን በማር፣ ሌሎቻችን ፌጦን በሎሚ እንወስዳለን። ጉሮሮ ያሞቃሉ፣ የታፈነ አፍንጫ ያስተነፍሳሉ፤ ትኩስ ነገር መጠጣት በራሱ ለታመመ ሰው ዕረፍት ነው። ጉንፋንን እንደሚከላከሉ ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

የባሕር ዛፍ እንፋሎት፦ በጋቢ ተሸፍኖ መታጠን ደስ ይላል፤ አፍንጫም ለጊዜው ይከፍታል። አደጋው ያለው በድስቱ ውስጥ ነው። የፈላ ውኃ ሥር ልጅ አስቀምጦ በጋቢ መሸፈን ስንቱን ሕፃን አቃጥሏል! ሕፃናትን በዚህ መንገድ ባናጥን ይሻላል።

ከሩቅ የመጣው

የቻይና ነገር በመርካቶ እንግዳ አይደለም። በትንሽ ክብ ቆርቆሮ የሚሸጠውን የቻይና ቅባት ግንባሩ ላይ ያልቀባ ማን አለ? ውስጡ ያለው ካምፎር፣ ከናና የሚገኘው ሜንቶል፣ ደግሞም የባሕር ዛፍ ዘይትና ቅርንፉድ ነው፤ ማለትም ግማሹ የእኛው ጓዳ ነው። አፍንጫ የተከፈተ ያህል እንዲሰማን ያደርጋል እንጂ በሽታ አይከላከልም። ካምፎር ስላለበት በሕፃናት አፍንጫ አካባቢ መቀባት የለበትም። የቻይና ሐኪሞች ቡድኖችም ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገራችን ሲመላለሱ ቆይተዋል።

የቻይና ሊቃውንት በጥንት መጻሕፍታቸው የሚያመሰግኑት የታመመውን ያዳነውን ሐኪም ብቻ ሳይሆን ሰው እንዳይታመም ያደረገውን ነው። እንቅልፍ፣ ልከኛ ምግብ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ እንደ ወቅቱ መልበስ፤ ምክራቸው ይህ ነው። ለጉንፋን ዝንጅብልና ባሮ ሽንኩርት በስኳር አፍልተው ይጠጣሉ። ይህ ማንንም አይጎዳም።

የሚጎዳም አላቸው። ማ ሁዋንግ የሚባለው ተክል በቻይና ለጉንፋንና ለአስም ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሲሠራበት ኖሯል፤ ኤፌድሪን የሚባለው መድኃኒት የተገኘው ከእርሱ ነው። ነገር ግን የደም ግፊት ያስነሣል፣ ልብንም ያውካል፤ ስለዚህ በአሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. በምግብ ማሟያ መልክ እንዳይሸጥ ተከለከለ። «ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ቃል የነጋዴ ቃል ነው። ኮሶ እኮ ከተፈጥሮ ነው፤ ኮሶ የጠጣ ያውቀዋል።

ከቻይና የምንማረው ትልቁ ነገር ግን የአንዲት ሴት ሥራ ነው። ቱ ዮዮ የተባሉት ተመራማሪ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወባ መድኃኒት ሲፈልጉ ከሁለት ሺህ በላይ የባህል መድኃኒት አዘገጃጀቶች ሰብስበው፣ ከሁለት መቶ ያህል ዕፀዋት የተጨመቁ ከ380 በላይ ዓይነቶችን ፈተኑ። ብዙዎቹ አልሠሩም። ቺንግሃዎ የተባለው ቅጠል አንድ ጊዜ ሠርቶ ሌላ ጊዜ አልሠራ አላቸው። ከዚያም በአራተኛው መቶ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ቢያነቡ፣ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል ይላል እንጂ ይፈላል አይልም። ማፍላቱ መድኃኒቱን እያጠፋው እንደ ነበረ ገባቸው። ያለ ብዙ ሙቀት ቢያወጡት ሠራ። በመጀመሪያ የቀመሱትም ራሳቸው ነበሩ። ዛሬ በጤና ጣቢያችን ለወባ የሚሰጠው ኳርተም ግማሹ ከዚህ ቅጠል የተገኘ ነው፤ እርሳቸውም በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የእኛዎቹ ጭቁኝና አሪቲ የዚሁ ቅጠል ዘመዶች ናቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ የአባቶችና የእናቶች ዕውቀት የከበረ ነገር ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመቶዎቹ መካከል የሚሠራውን የሚለየው ፈተና ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ማዳጋስካር ከዚሁ ቅጠል የተዘጋጀ መጠጥ ለኮሮና ብላ ስታከፋፍል የዓለም ጤና ድርጅት «በመጀመሪያ ይፈተን» ያለው ስለዚህ ነው። ለወባ የሠራ ለሳል ይሠራል ማለት አይደለም።

ከቻይና አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር፤ ይህ በተለይ ዕድርተኛን ይመለከታል። ከ1910 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ባለው ክረምት በማንቹሪያ በትንፋሽ የሚተላለፍ የሳንባ ወረርሽኝ ገብቶ ስልሳ ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። ጉንፋን ሳይሆን ቸነፈር ነበር። ወደ ስፍራው የተላኩት ወጣት ሐኪም ዉ ሊየንቴ በሽታው የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ነው ብለው ከሻሽና ከጥጥ የተሠራ የአፍ መሸፈኛ አስለበሱ። አንድ የታወቁ ፈረንሳዊ ሐኪም ሐሳቡን ንቀው ሳይለብሱ ገቡ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞቱ። ምድሩ በረዶ ሆኖ ስለማይቈፈር በሃርቢን ከሁለት ሺህ በላይ አስከሬን ሳይቀበር ተከምሮ ነበር። በቻይናውያን ዘንድ የሙት ክብር እንደ እኛው ከባድ ነገር ነው፤ ማቃጠል ነውር ነበር። ሐኪሙ ግን ለሕያዋን ሲሉ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ጠይቀው አቃጠሉት፤ በሽታውም በሳምንታት ውስጥ ቆመ። እኛ ይህን የምናነሣው እንደዚህ ያለ ነገር ለማሳሰብ አይደለም፤ ፈጣሪ ይጠብቀን! ለማለት የፈለግነው የለቅሶ ሥርዓታቸውን የሚያከብሩ ሰዎችም ለሕያዋን ጤና ሲባል ልማድን ለጊዜው ማስተካከል ነውር እንዳልሆነ አውቀው ነበር ነው።

ተጠንቀቁ የምንላቸው

አንደኛ፣ እንጥል ማስቆረጥ። ልጅ ጉሮሮውን ባመመው ቁጥር «እንጥሉ ወረደ» ተብሎ የሚቆረጥበት ጊዜ ማለፍ አለበት። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በምላጩም ሌላ በሽታ ይተላለፋል። ጉንፋን የሚከላከል አንዳች ነገር የለውም።

ሁለተኛ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ አሞክሳሲሊን። ይህ መድኃኒት ቫይረስ አይገድልም። ዛሬ ለጉንፋን በከንቱ የተዋጠ ነገ ለሳንባ ምች ሲፈለግ እምቢ ይላል።

ሦስተኛ፣ የትኩሳት ክኒን መደራረብ። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለበት። አዋቂ ሰው በቀን ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ በላይ ከወሰደ ጉበቱን ይጎዳል።

አራተኛ፣ በቤት መድኃኒት ቀን ማባከን። እናቶች ሆይ፣ ይህን ያዙልን፦ የሚያስል ሕፃን ሳያለቅስ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዳማከሴው ይቆያል። የሳንባ ምችን ከሚያመጡት ዋና ተሕዋስያን አንዱን የሚከላከለው ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት በነፃ ይሰጣል፤ ካርዱን አትጣሉት። አዋቂም ቢሆን ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል «የቆየ ጉንፋን» አይደለም፤ አክታው ይመርመር። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

ዕድራችን ምን ያድርግ?

አሁን ወደ ሐሳባችን ደረስን። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ደንቡ የወጣው መልካም አስቦ ነው፤ ቅጣት ባይኖር ድንኳኑ ባዶ ይቀር ነበር። ነገር ግን ውጤቱን እንይ። አንድ አባል ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ጡሩምባ ይሰማል። ቅጣቱን ይፈራል፤ ከቅጣቱም ይልቅ «ቀረ» መባሉን ይፈራል። ጋቢውን ተከናንቦ ይነሣል፣ በድንኳኑ ውስጥ ከአዛውንቶች መካከል ይቀመጣል፣ ያስላል። ኀዘንተኛዋን ጉንጭ ለጉንጭ ይስማል። በሳምንቱ የሚታመሙት እነማን ናቸው? ሌሊት ያልተኙት፣ ምግብ ያልበሉት፣ በኀዘን የደከሙት እነርሱ ናቸው። ለማጽናናት የሄደው ሰው ሌላ ሐዘን ጥሎ ይመለሳል።

አንዳንድ አባቶች «ዕድር ማለት መገኘት ነው፤ እንዲህ እያልን ከላላን ነገ ማን ይቀብረናል?» ይላሉ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ አንንቀውም። መልሳችን ግን ከኅዳር በሽታ ነው፤ ያን ጊዜ ቀባሪ የጠፋው ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለ ወደቀ ነው። የታመመው ቤቱ ቢቀመጥ ነገ ጤነኛ ሆኖ ይቀብረናል። በ1918 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ በሽታው ገብቶ ሳለ ሁለት መቶ ሺህ ሰው ለሰልፍ አደባባይ አወጣች፤ ሴንት ሉዊስ የምትባለው ከተማ ግን ስብሰባዎችን ቶሎ ዘጋች። ለሕዝባቸው ብዛት ሲመዛዘን የሁለተኛይቱ ሟቾች ከፊላደልፊያ በብዙ ያነሱ ነበሩ። እኛም በ2012 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ድንኳን ሳንተክል ቀብረናል። ከባድ ነበር፤ ዕድሩ ግን አልፈረሰም።

ስለዚህ ንዑስ ኮሚቴያችን ለጉባኤው የሚከተለውን በትሕትና ያቀርባል፦

1ኛ/ ትኩሳት ወይም አዲስ ሳል የያዘው አባል ለጸሐፊው ወይም ለጎረቤቱ መልእክት ልኮ ከቀረ አይቀጣ፤ ስሙም በቀሪዎች መዝገብ አይጻፍ። ድኖ ሳምንት ካለፈው በኋላ ለብቻው ሄዶ ያጽናና፤ ያን ጊዜ ኀዘንተኛው የሚያጽናናው ሰው ይበልጥ ይፈልጋል።

2ኛ/ ዝናብ ከሌለ የድንኳኑ ጎን በሁለት ወገን ተጠቅልሎ ይታሰር። በቤት ውስጥም መስኮት ይከፈት።

3ኛ/ በ2012 ዓ.ም. የተገዙት ባለ ቧንቧ የውኃ በርሜሎች ከመጋዘን ወጥተው ከሳሙና ጋር በድንኳኑ አፍ ይቀመጡ። ብርጭቆና ሲኒ በአንድ ሳፋ ውኃ እየተነከረ መቅረቡ ቀርቶ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ።

4ኛ/ ሳል ያለባት እኅት ወይም ወንድም ንፍሮና ሻይ ከማቅረብ ይረፉ።

5ኛ/ በብርድ ወራት ሰላምታችን እጅ በመንሣት ይሁን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን ጎንበስ ብለው እጅ ይነሡ ነበር፤ ክብሩም ከመሳሳም አያንስም።

6ኛ/ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት አባሎቻችን በየጉርብትናው አንድ ጠያቂ ይመደብ። ጉንፋን በያዛቸው ጊዜ ትኩስ ሾርባ የሚያቀብል፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ለሐኪም የሚያደርስ አንድ ሰው ይኑራቸው። ለአስከሬናቸው መቶ ሰው ከሚመጣ በሕይወት ሳሉ አንድ ሰው ቢመጣላቸው ይሻላል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከስድስቱ ነጥቦች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ግን የደንብ ማሻሻያ ስለሆነ የእናንተን ድምፅ ይፈልጋል፤ ዛሬ ተወያይታችሁ እንድትወስኑበት እንጠይቃለን። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት በዚህ ሰፈር ዕድራችን ሁላችንንም ያለ ልዩነት ሲቀብር ኖሯል። አሁን ደግሞ ባለንበት ዕድሜ ላይ ጥቂት እንዲጨምርልን እንፈልጋለን። ዝንጅብሉን እየጠጣን፣ ዳማከሴውን እያሸተትን፣ እጃችንን እንታጠብ፤ መስኮታችንን እንክፈት፤ ስንታመም ቤታችን እንቀመጥ፤ የታመመውንም እንጠይቅ።

 ዓመቱን የጤናና የሰላም ያድርግልን።